የጄኔሬተሩ ማራገቢያ

ሙቀት ይለመዳል ብሎ የነገረሽ ማን ነው?

እንዲያው ለጨዋታ ነው የጠየቅኩሽ፤ ግንባርሽ ላይ ላቡን ሳየው። ነይ ግቢ። ቀስ ብለሽ ርገጪ፣ ያ ገመድ እንግዳ አይወድም። ጀልባዬ ጠባብ ናት፤ ሰው ሲመጣ መጻሕፍቱ ናቸው ተነሥተው ወንበር የሚለቁት። ያንን ወፍራሙን ወደዚያ ግፊው። ስገዛው ቀጭን ነበር፣ እርጥበት ገብቶት ነው። እዚህ ሁሉም ነገር ያብጣል። መጽሐፍ ያብጣል፣ በር ያብጣል፣ አንዳንድ ሰውም... ተዪው። ቁጭ በይ። ሻይሽ በወተት ነው? ብስኩቱ የዝንጅብል ነው፤ ለስልሷል፣ ብዪው ግን።

ሄስተር እባላለሁ። ነግረውሽ ይሆናል... አልነገሩሽም? ምንም አይደለም፤ ሰው ሥራ ሲበዛበት ስም ይረሳል። አንቺን ግን አውቅሻለሁ፤ ብሮንዊን፣ የዚያ በግ የሚመስል ነጭ ውሻ እመቤት። ወደቡ እኮ ትንሽ ነው። ሰው ገመዱን አስሮ ሳይጨርስ ስሙ ጀልባ የምናስርበትን ድልድይ ዞሮ ተመልሶ ይጠብቀዋል።

ይሄስ ምንድን ነው? የማንጎ ማርማላታ። አንቺ የሠራሽው ነው ወይስ ካፒቴንሽ ናቸው የላኩት? ... እሳቸው ናቸዋ። ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ከሩቅ ያስታውቃል፤ እንዲያውም ከሩቅ ሲሆን ነው ደህና አድርጎ የሚያስታውቀው። ይኸው ይታዩኛል፣ ከጀልባችሁ አፍንጫ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይቋጥራሉ። ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ አንድ ገመድ። ጥንቁቅ ናቸው። ለምን አብረውሽ አልመጡም ብዬ አልጠይቅም። ደግሞም እዚያው ሆነው ሁሉን ይሰማሉ፤ ውሃ ላይ ወሬ እግሩ ሳይረጥብ ነው የሚሻገረው። እኔም ጆሮዬ ስለደከመ ጮክ ብዬ ነው የማወራው። ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ይቅርታ ማድረግ ይቀልሻል።

እንግዲህ ጥያቄሽ ስለ ጄኔሬተርና ስለ ኤሲ ነው። ጥሩ። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያቺን በእጅ የምትንጠለጠለዋን ባለ ቤንዚን ተዪያት። ቀላል ናት ይሉሻል፤ እውነት ነው፣ ቀላል ናት። ቤንዚን ጀልባ ውስጥ ማስቀመጥ ግን እባብ በኪስ ይዞ እንደ መተኛት ነው። ጭሷ ውስጥ ደግሞ ሽታ የሌለው ገዳይ አለ። ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ያንቀላፋል፣ በዚያው ይቀራል። ሳያውቁት ማንቀላፋት... ለአንዳንዱ ይህም ዕድል ነው። አውቆት የሚያንቀላፋም አለ።

ባለ ናፍጣውን ግዙ። ከጀልባው ሞተር ጋር ከአንድ ታንከር ይጠጣል፤ ባልና ሚስት ከአንድ ብርጭቆ እንደሚጠጡት ማለት ነው። ግን ትልቅ አትግዙ። ወንዶች ትልቅ ይወዳሉ። የናፍጣ ማሽን ከአቅሙ በታች ሲሠራ ከኖረ ጥቀርሻ ይይዛል። ላዩ እንደተወለወለ ይቀመጣል፣ ውስጡ ይጠቁራል። አንድ ቀን ሸክም ሲሰጡት ያስላል፣ ይጨሳል፣ ይቆማል። ሰው ሁሉ ደግሞ ይገረማል፤ "እንዲህ የሚያምር ማሽን ምን ነካው" ይላል። ... ምነው ወደዚያ ዞርሽ? ስለ ማሽን እኮ ነው የማወራሽ።

ኤሲው ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሲነሣ የሚጠይቀውና ከተነሣ በኋላ የሚበቃው አይገናኝም። ሲነሣ ዓለምን ስጡኝ ይላል፤ ከተነሣ በኋላ በትንሽ ይኖራል። እንደ ሽማግሌ ፍቅር። ስለዚህ አንድ ትልቅ ከምታስገቡ ሁለት ትናንሽ አድርጉና በየተራ አስነሷቸው። እሱም የሚቀዘቅዘው በባሕር ውሃ ነው፤ ውሃው የሚገባበት ወንፊት አለ፣ ሣርና ጄሊፊሽ የሚሉት ልስልስ የባሕር እንስሳ ይዘጉታል። በየጠዋቱ ጎንበስ ብሎ ያንን ወንፊት የሚያጸዳ ሰው ያስፈልጋል። ማን ነው የሚያጸዳው? ... እሳቸው? እሺ። ይሁን። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚሁ ተብዬ ነበር።

ሶላር አይበቃንም ወይ ብለሽ ነበር። በበጋው ይበቃል። በዝናቡ ወራት ግን ሙቀቱ የሚብሰው ሰማዩ ሲዘጋ ነው፤ ፀሐይዋ ተደብቃ ነው የምታቃጥለው። እንዲህ ያለ ነገር ሰውም ላይ አይቻለሁ።

ለማን ነው ግን ይሄ ሁሉ? ... ለውሻው? ለባርናቢ ነው? እውነትሽን ነው። ያንን ሁሉ ጸጉር ተሸክሞ እንዴት ይችለዋል? እሳቸው ናቸው ያሰቡት? "ነፍስ ያለው ነገር በዚህ ሙቀት መሰቃየት የለበትም" አሉሽ? በዚሁ ቃል? ... ድገሚልኝ እስቲ። ነፍስ ያለው ነገር። እንዴት ያለ አነጋገር ነው። ይህን ያህል ዘመን ሳነብ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ እዚህ ደግሞ ሰው ከሄደ ውሻው በረደው። ደስ ይላል። አንድ ሰው በስተርጅናም ቢሆን ሲለሰልስ ማየት ደስ ይላል፤ እንደዚህ ብስኩት።

ካፒቴንሽን ባየሁ ቁጥር አንድ ድሮ የማውቀው ሰው ትዝ ይለኛል። ሌላ ሰው ነው። ሲናገር ግራ ትከሻውን ሳብ ማድረጉ ቢመሳሰል፣ ሲያስብ ማፏጨቱ ቢመሳሰል፣ ሰው ከሰው ይመሳሰል የለ? የጀልባቸው ስም እንኳን አንድ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። ግን ሌላ ሰው ነው። ካፒቴንሽ ለውሻ የሚራሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ደግሞ... እሱ መርህ ነበረው።

መርሁ ምን መሰለሽ? ባሕር ያለ ማሽን። እውነተኛ መርከበኛ ነፋስ ይበቃዋል ይላል። ጄኔሬተር የፈሪ ነው፣ ኤሲ የሆቴል ነው፣ የሞቀው ባሕር ይግባ። በሙቀቱ ወራት እዚህ ባሕር የሚገባው አዞና መርዛም ጄሊፊሽ ብቻ ነው፤ መርህ ግን መርህ ነው። በዚህ ባሕር ዳርቻ ከታውንስቪል እስከ ኬርንስ በየመርከበኞቹ ክበብ እየዞረ ይናገር ነበር። ሲናገር እንዴት ያምርበት ነበር መሰለሽ። ነፋስ ብሎ ሲጠራ ሸራ ሲነፋ ይታይሻል። ሚስት ነበረችው። ጀልባዋን አብረው ነው የሠሯት፤ እሷ እንጨት ትልጋለች፣ እሱ ስለ እንጨት ይናገራል።

ሚስቲቱ እህት ነበረቻት። ከታዝማኒያ፣ ከብርድ አገር። ነርቭ የሚያደክም በሽታ ይዟት አሳዳሪ አጥታ ወደነሱ መጣች። ይህ በሽታ ሙቀት ይጠላል፤ ቀዝቀዝ ሲል በከዘራ ትሄዳለች፣ ሙቀት ሲሆን እግሯ ይከዳታል፣ እጇ ብርጭቆ አይዝም። ሐኪሙ አንድ ነገር ብቻ ነው ያዘዘው፤ ቀዝቃዛ ቦታ ትሁን። ሚስቲቱም ለመነችው። ኤሲ አላለችም፤ አንዲት ማራገቢያ፣ በባትሪ የምትሠራ፣ እንደ ሳህን የምታክል። እሱ ምን አለ? ሙቀት ይለመዳል አለ።

እንዳትፈርጂበት። ደግ ነበር። ማራገቢያ ባይሰጣትም በእጁ ሸራ ሰፍቶ ከፊተኛው የጣሪያ መስኮት በላይ ሰቀለላት፣ ነፋስ ጠልፎ ወደ ውስጥ እንዲያወርድላት። ወደቡ ሁሉ አደነቀው። "ለሚስቱ እህት እንዲህ የሚያደርግ ማን አለ?" ተባለ። እርግጥ እሷ የምትተኛው ከኋላ ነበር፣ ከደረጃው ሥር፣ በግራ በኩል ባለችው ጠባብ አልጋ፤ ብዙ መራመድ ስለማትችል። ነፋሱ እዚያ አይደርስም። ግን ሸራው ከውጭ ሲታይ ያምር ነበር።

ብስኩት ጨምሪ እንጂ።

አንድ ቀን ሚስቲቱ የእህቷን መድኃኒት ልታመጣ በአውቶቡስ ወደ ከተማ ሄደች። ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ጀልባዋን ከድልድዩ ፈትተህ ወጣ በልና መልህቅ ጣል። አንቺ ለባሕር አዲስ ስለሆንሽ ልንገርሽ፤ መልህቅ የጣለ ጀልባ አፍንጫውን ራሱ ወደ ነፋስ ያዞራል። ነፋሱ ከፊት ይገባል፣ ሁሉን ዳብሶ በኋላ ይወጣል። ድልድይ ላይ የታሰረ ግን እንዳሰሩት ነው። ያን ሰሞን ነፋሱ ከኋላ ነበር፤ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ የሚገባው በደረጃው በር ብቻ ነው። ሸራው ለወፍ መቀመጫ ከመሆን በቀር ጥቅም የለውም። እሱም እሺ አላት። ቃል ገባ። ቃል መግባት ይወድ ነበር።

በዚያው ቀን ግን ከሰዓት በኋላ በክበቡ ንግግር ነበረው። ሰዎች ከሩቅ መጥተዋል። መልህቅ ላይ ከሆነ በትንሿ ጀልባ እየቀዘፈ መምጣት ሊኖርበት ነው፤ ሱሪው ይረጥባል። ስለዚህ ጀልባዋ እንደታሰረች ቀረች። ሲወጣ ሰማዩ ከብዶ አየ። ዝናብ እንዳይገባባት አሰበላትና የደረጃውን በር ዘጋላት። ከውጭ። አሳቢ ሰው ነበር ያልኩሽ ለዚህ ነው። ዝናቡ እንኳን አልዘነበም፤ እሱ ምን ያድርግ?

ድልድዩ ላይ የመብራት መሰኪያ አለ አይደል? ያ ሰማያዊ ሣጥን። ለሁሉም ጀልባ አለ። ከአልጋዋ ራስጌ እጅ ቢዘረጋ በሚደረስበት ቦታ ቆሞ ነበር። ያለ ጄኔሬተር፣ ያለ ምንም፣ እሱን ሰክቶ ማራገቢያ ማስነሣት ይቻል ነበር። ግን ባሕር ያለ ማሽን ሊናገር የሚሄድ ሰው ጀልባው ከመሰኪያ ጋር ተያይዞ ቢታይ ምን ይባላል? አየሽ፣ ሰው ስሙን መጠበቅ አለበት።

አዳራሹ ውስጥ ኤሲው እንዴት ይሠራ ነበር አሉ፤ ሴቶቹ ሹራብ ደርበው ነው ያዳመጡት። ስለ ምን ተናገረ ነው የምትይው? ስለ ነፋስ። ተወደደለት። ጥያቄ በዛ፣ ሻይ ተደገመ፣ አጨበጨቡ።

ሚስቲቱ መድኃኒቱን ይዛ ተመለሰች። በሩን የከፈተችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግርሽም። ሻይሽ ቀዘቀዘ፤ እሱስ እንኳን ቀዘቀዘ።

በቀብሩም ላይ ተናገረ። "ባሕርን ትወድ ነበር" አለ። ባሕርን አትወድም ነበር፤ የምትወደው ወፍ ነው። ግን ሁሉም አለቀሰ፣ እሱም አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ... እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ከአንጀት ካዘኑ ማራገቢያ አይገድምም ነበር። ሐኪሞቹ ሙቀት ነው አሉ። እሱ በሽታዋ ነው አለ። ክበቡም በሽታዋ ነው አለ። የክበቡ ሰዎች ጨዋ ናቸው፣ ተናጋሪያቸውን አያሳፍሩም። ሚስቲቱ ከዚያ ወዲያ ባሕርም አልወጣችም፣ አገሯም አልገባችም። አንዲት ጠባብ ጀልባ ገዝታ መጽሐፍ እያነበበች ታብጣለች አሉ፣ የሆነ ወደብ ላይ።

ለመሆኑ ጄኔሬተሩን የት ልታስገቡት አሰባችሁ?

... ከደረጃው ሥር? በግራ በኩል? ያቺ ጠባብ አልጋ ልትፈርስ ነው?

ጥሩ ቦታ ነው። ክብደቱ ዝቅ ይላል፣ ለታንከሩም ይቀርባል። አናጺውም ሌላውም ሰው መክሯችሁ ይሆናል፤ እኔም ብሆን እዚያው ነው የምለው። ብቻ እንጨቱን ሲነቅሉት በራስጌው በኩል በእርሳስ የተሳለች ትንሽ ወፍ ካለች... ካለች ነው የምለው፣ ጀልባ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ... አይላጓት። ቀለም ይቀቡባት። ከዚህ በፊትም ተቀብቶባት ይሆናል።

ሌላ ምን አሉሽ፤ ንገሪኝ እንጂ። ማራገቢያ? ... አዎ። ያስፈልገዋል። ጄኔሬተር በተዘጋ ቦታ ሲቀመጥ ማራገቢያ ግድ ነው። መመሪያው ላይ በደማቅ ተጽፏል፤ አየር ካላገኘ ይግላል፣ ከጋለ ይሞታል። እሳቸው ይህን አንብበው ደንግጠው ሁለት ማራገቢያ አዘዙ? አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲኖር? ለዚያች ቦታ?

ሁለት ማራገቢያ።

አየሽ፣ ሰው ሲማር እንዲህ ነው። ማሽን ሙቀት አይለምድም። ማን ያውቅ ነበር? እህቴ ናፍጣ ብትጠጣ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች።

... እህቴ አልኩ? አዎ፣ አልኩ። ዊኒፍሬድ ነው ስሟ። ስም የሚረሳው ሥራ የበዛበት ነው፤ እኔ ሥራ የለኝም።

አታልቅሺ ልጄ። አንቺን ምን አልኩሽ? አንቺ ማርማላታ ይዘሽ የመጣሽ እንግዳ ነሽ። የመጣሽበትንም አውቃለሁ፤ ጄኔሬተር የሚመርጥ ሰው ለሻጩ ይደውላል እንጂ አሮጊት ጋ ሰው አይልክም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ያ ተረት ጎደሎ ነው፤ የወጋውም አይረሳም፣ ማንጎ ይልካል።

የድልድዩን ልማድ ነግረውሻል አይደል? ለረጅም መንገድ የሚወጣ ጀልባ የመጨረሻ ገመዱን የሚፈታለት የተቀየመው ሰው ነው። ፈትቶ ወደ ጀልባው ከወረወረለት ታርቀዋል፣ መንገዱ ይቀናል። ካልወረወረለት ያ ጀልባ ቂም ጭኖ ወጣ ማለት ነው፤ አብሮት የሚጓዝ አይገኝም፣ በየወደቡም ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። ማሽን የማያምን ሰው በዚህ ያምናል። እናንተም ለረጅም መንገድ ልትወጡ ነው፤ ለዚህ ነው ከጠዋት ጀምሮ ያንን ገመድ ሲቋጥር የዋለው። ዓይኑን ቀና አድርጎ ቢጠይቀኝ ምን ነበር? ከዚህ እዚያ ስንት ነው? እግሩ ደህና ነው፣ ሙቀቱም አልከዳው። ግን አንቺን ላከ። ያኔም በሩን ዘግቶ ሄደ፣ የከፈተችው ሌላ ሴት ናት። ዛሬም እንዲከፈትለት ሴት ላከ።

እሱ እሱ አልኩት? እሳቸው ማለቴ ነው። አፌ ለምዶ።

ብዙ አንብቤያለሁ ልጄ። እዚህ ካሉት ውስጥ ይቅር የሚባባሉ ሰዎች ያልገቡበት መጽሐፍ ጥቂት ነው። አስተውለሽ እንደሆነ ሁልጊዜ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ደራሲው ሲደክመው። እኔ አልደከመኝም። ሞኝና መልህቅ የያዘውን አይለቅም። ሞኝ ልትዪኝ ትችያለሽ፤ መልህቅ ብትዪኝ ግን ደስ ይለኛል፣ እሱ ያኔ ያልጣለውን አንድ ሰው መጣል አለበት።

ተነሺ እንግዲህ፣ ውሻሽ ይጠብቅሻል። ማርማላታውን ተዪልኝ፤ ማንጎው ምን አጠፋ? የነገርኩሽን አትርሺ፤ ናፍጣ፣ ትንሽ፣ ሁለት ኤሲ በየተራ፣ ወንፊቱን በየጠዋቱ። ማራገቢያዎቹን አደራ።

ልመርቅሽ፣ ቁሚ። እንደ ድልድዩ ሰው ሁሉ ነፋሱን ከኋላ ያድርግላችሁ። ካፒቴንሽን ዕድሜ ይስጣቸው፤ ረጅም ዕድሜ፣ የተንዛዛ። እግራቸው እምቢ ያለ ቀን፣ እጃቸው ብርጭቆ መያዝ ያቃተው ቀን፣ እሳቸው እህቴን እንዳስታመሟት አድርጎ የሚያስታምማቸው አሳቢ ሰው አይጡ። ዝናብ እንዳይገባባቸው በሩን የሚዘጋላቸው አይጡ። አሜን በይ እንጂ። ... እሳቸው ከዚያ ማዶ አሜን ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ፤ ጆሮዬ ነው መሰል።

ገመዱን ራሱ ይፍታው፤ ራሱ ነው የቋጠረው። እኔ አልወረውርም። እሱን ይቅር አልልም፣ ሹራብ ደርበው ያጨበጨቡለትንም አልልም፣ በሽታዋ ነው ያሉትንም አልልም። ማንንም።